ከሜሪላንድ የወጣ የምስክር መጥሪያን ቨርጂኒያ ያለ ድርጅት አልቀበልም ቢል ምን ይደረጋል?

የሲልቨሯ እናት (ሰኞ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የፍቺና የልጅ ቀለብ ጉዳዬ ሮክቪል በሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰርኪውት ፍርድ ቤት እየታየ ነው። ጠበቃ ለመቅጠር አቅሜ ስላልፈቀደ የምከራከረው ራሴ ነኝ። የልጆቼ አባት ለፍርድ ቤቱ ባቀረበው የገቢ መግለጫ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ እንደሚሠራ ጽፏል። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ዛሬም የሚሠራው እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው የትራንስፖርት ድርጅት ነው።

ከሮክቪሉ ክለርክ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ሹም) ቢሮ ሰፒና፣ ማለትም የምስክር መጥሪያ አውጥቼ፣ ድርጅቱ የሁለት ዓመት የደመወዝ መዝገቡን እንዲያቀርብ በአደራ ደብዳቤ ላክሁ። አረንጓዴዋ የመቀበያ ካርድ ተፈርማ ተመለሰች። በአሥረኛው ቀን ግን ከፔይሮል ክፍሉ ሦስት መስመር ያላት ደብዳቤ ደረሰችኝ፤ ሰነዱ ከቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የወጣ ባለመሆኑ ለመፈጸም እንደማይገደዱ ትገልጻለች። ፊርማ እንጂ ስም እንኳ የላትም።

ችሎቱ ሊደርስ 11 ሳምንት ቀርቶታል። እውነት የማይገደዱ ናቸው? ወይስ ጠበቃ እንደሌለኝ አይተው ነው? ለሮክቪሉ ዳኛ ባመለክት ሊቀጡልኝ ይችላሉ?

ፌርፋክስ ፓራሊጋል (ሰኞ ማታ)

እህቴ፣ መልሱ ደስ ባያሰኝም ድርጅቱ የጻፈልሽ ትክክል ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ በአንድ የሕግ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ይህንኑ ወረቀት ሳመላልስ የኖርሁ ስለሆነ መንገዱን ልንገርሽ።

የአንድ ስቴት ፍርድ ቤት ተከራካሪ ያልሆነን ሰው ወይም ድርጅት ሰነድ አምጣ ብሎ የማስገደድ ሥልጣኑ በስቴቱ ድንበር ላይ ያበቃል። የልጆችሽ አባት የክርክሩ ወገን ስለሆነ የትም ቢኖር የሮክቪሉ ዳኛ ያዝዘዋል፤ ድርጅቱ ግን ከክርክሩ ውጭ የሆነ ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ ዳኛው ድርጅቱን ለመቅጣት ቢፈልግ እንኳ እጁ ፖቶማክን ተሻግሮ አይደርስም።

ለዚህ ችግር የተበጀ መፍትሔ አለ። በ2007 የወጥ ሕጎች ኮሚሽን በስቴቶች መካከል ስለሚደረግ ዲፖዚሽን (ከችሎት ውጭ በመሐላ የሚሰጥ የምስክር ቃል) እና ማስረጃ አሰባሰብ አንድ ወጥ ሕግ አርቅቆ ለስቴቶች አቀረበ፤ እኛ በሥራ ቦታ በምሕጻር ዩአይዲዲኤ እንለዋለን። ከዚያ በፊት ሮክቪል ያለው ዳኛ ለቨርጂኒያው ዳኛ የልመና ደብዳቤ እንዲጽፍ ማመልከት፣ ከዚያም ቨርጂኒያ ጠበቃ ቀጥሮ እንደገና ማመልከት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ስቴቶች አዲሱን ሕግ ተቀብለዋል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሦስቱም በውስጡ አሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ የሜሪላንዱን ሰፒና ማስረጃው ለሚገኝበት ካውንቲ ሰርኪውት ፍርድ ቤት ክለርክ ታቀርቢያለሽ፤ ክለርኩ ዳኛ ሳይጠይቅ፣ ችሎት ሳይቀጠር፣ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ስም አዲስ ሰፒና ያወጣልሻል። አዲሱ ሰፒና የሜሪላንዱን ይዘት እንዳለ መያዝ አለበት። በተጨማሪም የሁሉም ጠበቆች፣ ጠበቃ ለሌለው ወገንም የራሱ ስም፣ አድራሻና ስልክ በላዩ ላይ ወይም በአባሪ መኖር አለበት። አንቺ ጠበቃ ስለሌለሽ ያንቺም ስምና ስልክ ይገባል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል።

ይህን መጠየቅሽ ብቻውን በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ተከራካሪ ሆነሽ እንደቀረብሽ አያስቆጥርሽም፤ ሕጉ በግልጽ ያስቀመጠው ነው። ነገር ግን ልብ በዪ፦ አዲሱ ሰፒና ከወጣ በኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ድርጅቱ ይሰረዝልኝ ቢል፣ አንቺ ይገደድልኝ ብትዪ፣ የሚታየው በዚያው በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት፣ በቨርጂኒያ የሥነ ሥርዓት ደንብ ነው።

ተሟጋች (ማክሰኞ ጠዋት)

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ነገር ለአእምሮዬ አልዋጥ አለኝ። አገሩ አንድ አገር ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 አንዱ ስቴት የሌላውን ስቴት ፍርድ ሙሉ እምነትና ክብር ሊሰጠው እንደሚገባ ደንግጓል። እኔ ራሴ በሜሪላንድ ያስፈረድሁትን የገንዘብ ፍርድ ቨርጂኒያ ወስጄ አስመዝግቤ አስፈጽሜዋለሁ። እንዴት ነው እንግዲህ ከፍርድ የሚያንስ ተራ ወረቀት፣ በውድሮ ዊልሰን ድልድይ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ የሚታለፍ ድንበር ላይ ቆሞ የሚቀረው? ድርጅቱ ነገሩን ለማጓተት የተጠቀመበት ዘዴ ይመስለኛል።

የችሎት አስተርጓሚ (ማክሰኞ ቀትር)

ወንድም ተሟጋች፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ግማሹ ችግር ደግሞ ከቋንቋችን የመጣ ይመስለኛል። በአገራችን ፍርድ ቤት ለተከሳሽም ለምስክርም የሚላከውን ወረቀት በጥቅሉ መጥሪያ እንለዋለን። እዚህ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለተከሳሽ የሚላከው ሰመንስ ተከሰሃል፣ ቀርበህ መልስ ስጥ የሚል ማስታወቂያ ነው፤ ስለሆነም ተከሳሹ ከሜሪላንድ ጋር በቂ ግንኙነት ካለው ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ሊደርሰው ይችላል። ሰፒና ግን ትእዛዝ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺው በቅጣት ሥር ማለት ነው። ባትቀርብ ፍርድ ቤት በመድፈር ትቀጣለህ የሚለው ዛቻ ከተነሣ ወረቀቱ ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል፤ ዛቻውም የሚሠራው ያዘዘው ፍርድ ቤት ሸሪፍ በሚደርስበት ምድር ብቻ ነው።

የአንቀጽ 4 ነገርም በዚሁ ይፈታል። እርስዎ ያስፈጸሙት ያለቀ ፍርድ ነው፤ ሁለት ወገኖች ተከራክረው የተዘጋ ጉዳይ። ሰፒና ግን ገና በመካሄድ ላይ ያለ ክርክር ውስጥ፣ ያልተከሰሰና ያልተሰማ ሰው ላይ የሚወጣ የመሐል ትእዛዝ ነው። ደግሞም ልብ ይበሉ፤ ያስፈጸሙት ፍርድ እንኳ ራሱ ድልድዩን አልተሻገረም፤ እርስዎ ወስደው ቨርጂኒያ አስመዝግበውታል። ዩአይዲዲኤ ለሰፒና ያደረገው ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው።

በችሎት ውስጥ ስተረጉም ሰፒናን መጥሪያ ብዬ ያለፍሁበት ጊዜ ነበር። ሰውየው ተከስሻለሁ ብሎ ሲደነግጥ ካየሁ ወዲህ የምስክር መጥሪያ ወይም የሰነድ ማቅረቢያ ትእዛዝ እላለሁ።

ተሟጋች (ማክሰኞ ማታ)

ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቀራል። ድርጅቱ ሜሪላንድ ውስጥም ይሠራል። በሜሪላንድ መንግሥት ዘንድ የተመዘገበ ሕጋዊ ወኪል እንዳለው በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጌ አግኝቻለሁ። ወኪሉ ጋ ሄዳ ሰፒናውን ብትሰጠው ሜሪላንድ ውስጥ ደረሰው ማለት አይደለም? ለምን ወደ ቨርጂኒያ ትንከራተታለች?

አዛውንቱ ጠበቃ (ረቡዕ ጠዋት)

ልጆቼ፣ ይህ ጥያቄ ጠበቆችም ሲጨቃጨቁበት የኖረ ነው፤ ቨርጂኒያ ራሷ ከዚሁ ከአሌክሳንድሪያ በተነሣ ጉዳይ ፈትታዋለች። በአሌክሳንድሪያ የሚገኝ አንድ ምንጣፍ አጣቢ ድርጅት ዬልፕ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ስማቸውን ሳይገልጹ መጥፎ አስተያየት የጻፉ ሰዎችን ከሰሰ። ማንነታቸውን ለማወቅም ዬልፕ ላይ ሰፒና አወጣ። ዬልፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሆን መዝገቡም ያለው ካሊፎርኒያ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን የተመዘገበ ወኪል ነበረው፤ ሰፒናውም ለወኪሉ ተሰጠ። ዬልፕ አልሰጥም አለ፤ የአሌክሳንድሪያ ሰርኪውት ፍርድ ቤትም ፍርድ ቤት ደፍረሃል ብሎ ቀጣው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው። በ2015 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ሁሉም ሰው ስለ ንግግር ነጻነት ውሳኔ ሲጠብቅ ፍርድ ቤቱ የሄደው በሌላ መንገድ ነው፦ ወኪል ማስመዝገብ ለክስ መልስ ለመስጠት እንጂ ከስቴት ውጭ ያለን የሦስተኛ ወገን ሰነድ በሰፒና ለማስመጣት ሥልጣን አይሰጥም አለ። መንገዱም ካሊፎርኒያ የተቀበለችው ዩአይዲዲኤ እንደሆነ አመለከተ።

የቨርጂኒያ ውሳኔ ሜሪላንድን አያስገድድም፤ በሌሎች ስቴቶችም ፍርድ ቤቶች እዚህና እዚያ የተለያየ አቋም ይዘዋል። ስለዚህ አቶ ተሟጋች ያሉት መንገድ ፈጽሞ የተዘጋ ነው አልልም። ዳሩ ግን 11 ሳምንት ብቻ የቀራት ሴት በዚህ መሟገት የለባትም። ክርክሩን ብታሸንፍ እንኳ ወራት ይፈጃል፤ ያኛው መንገድ የሚጠይቃት ግን አንድ ማመልከቻና አንድ የመኪና ጉዞ ነው።

የሲልቨሯ እናት (ረቡዕ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገሩ ከንቀት ነው ብዬ አዝኜ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ነገ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ አሌክሳንድሪያ ከተማ ፍርድ ቤት ልሄድ አስቤአለሁ። ከሰፒናው ሌላ ምን ልያዝ? ጓደኛዬ ደግሞ ወንድሜ ወረቀቱን ወስዶ እንዲያደርስልኝ መከረችኝ፤ ይፈቀዳል?

ፌርፋክስ ፓራሊጋል (ረቡዕ ሌሊት)

እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ቆዪ! የድርጅቱ ፖስታ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ስላለ ብቻ ቦታው አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው ማለት አይደለም። በቨርጂኒያ ከተሞች ከካውንቲ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ከተማም የራሷ ሰርኪውት ፍርድ ቤት አላት። ነገር ግን ፖስታ ቤቱ አሌክሳንድሪያ እያለ የሚጽፍላቸው ሰፋፊ ሰፈሮች፣ ኪንግስታውን፣ ግሮቭተን፣ ሊንኮልኒያ፣ ያሉት በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ፎልስ ቸርችም እንዲሁ ናት፤ ትንሿ ከተማ ጉዳይዋ የሚታየው አርሊንግተን ነው፣ በስሟ ፖስታ የሚቀበለው አካባቢ ግን አብዛኛው ፌርፋክስ ነው። በዚህ ምክንያት የተሳሳተ መስኮት ላይ ተሰልፈው ግማሽ ቀናቸውን ያጡ ስንት ሰዎች አይቻለሁ። የካውንቲውን የንብረት ግብር መፈለጊያ ድረ ገጽ ከፍተሽ የድርጅቱን የመንገድ ቁጥር አስገቢበት፤ ፌርፋክስ ውስጥ ከሆነ ይወጣል፣ ከሌለ የከተማዋ ነው።

ሁለተኛ፣ ቨርጂኒያ ሕጉን ስትቀበል አንድ ነገር ጨምራበታለች። ከሰፒናው ጋር፣ ሰፒናውን ያወጣው ስቴት ሕግ ለቨርጂኒያ ሰዎችም ተመሳሳይ መብት እንደሚሰጥ የሚገልጽ የጽሑፍ ቃል ማቅረብ ይኖርብሻል። ሜሪላንድ ሕጉን ስለተቀበለች ቃሉ እውነት ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ግን ከሌለ ይመልሱሻል። የቨርጂኒያውን የሰፒና ቅጽ አስቀድመሽ ሞልተሽ ሂጂ፤ ክለርኩ የሚጠበቅበት መፈረም እንጂ ላንቺ መጻፍ አይደለም። ክፍያውን በስልክ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ወንድምሽን ተዪው። ቨርጂኒያ 18 ዓመት የሞላው፣ ተከራካሪ ያልሆነና በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው ማድረስ ይችላል ትላለች፤ የከሳሽ ወንድም ጥቅም የለውም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃ አይጠፋም። ሸሪፉ ያድርስልሽ። አደራ ፖስታ ደግሞ ድጋሚ እንዳትሞክሪ።

አዛውንቱ ጠበቃ (ሐሙስ ጠዋት)

ልጄ፣ ወደ ቨርጂኒያ መሄድሽን አልቃወምም፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ልታደርጊያቸው የሚገቡ ርካሽ ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ሰውየው የክርክሩ ወገን ስለሆነ የደመወዝ ወረቀቶቹን፣ የደብሊው ቱ (የዓመት ደመወዝ መግለጫ) ቅጾቹንና የግብር ማስታወቂያዎቹን እንዲያቀርብ በሜሪላንድ ደንብ በቀጥታ ልትጠይቂው ትችያለሽ፤ ለዚህ ሰፒናም ክለርክም አያስፈልግም። በእጁ የለም ቢል እንኳ ሊያስመጣው የሚችለውን ሰነድ በቁጥጥሩ ሥር እንዳለ ነው የሚቆጠርበት፤ ሠራተኛ የራሱን የደመወዝ ወረቀት ከአሠሪው ጠይቆ ማምጣት ያቅተዋል የሚል ዳኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። እምቢ ቢል የሚቀጣው ሮክቪል ያለው ዳኛ ነው፤ እዚህ ድንበር የሚባል ነገር የለም። አስቀድመሽ ይህን ብታደርጊ ኖሮ ምናልባት ከድርጅቱ ጋር ባልተገናኘሽ ነበር። ይህን የምለው ልወቅስሽ ሳይሆን ሌላው አንባቢ እንዲማርበት ነው። አሁንም ቢሆን ጠይቂው፤ ሰውየው የሰጠው ወረቀትና ድርጅቱ የላከው መዝገብ ካልተመሳሰሉ ያ ልዩነት ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው፣ የስቴቱ የልጅ ቀለብ መሥሪያ ቤት ፋይል ካለሽ እነሱ አንቺ የሌለሽ መሣሪያ አላቸው። ከ1996 ሕግ ወዲህ አሠሪዎች አዲስ ሠራተኛ በቀጠሩ በ20 ቀን ውስጥ ያሳውቃሉ፤ መረጃውም ወደ አንድ ብሔራዊ መዝገብ ይገባል፤ የሩብ ዓመት ደመወዝም በዚያው ይታያል።

ሰዎች ዘወትር የሚያደባልቁትን ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ። ፍርድ ቤቱ ቀለቡን ወስኖ ከደመወዙ ይቆረጥ የሚል ትእዛዝ ሲወጣ፣ ያ ትእዛዝ ቨርጂኒያ ላለው አሠሪ በቀጥታ ይላካል፤ እዚያ ማስመዝገብ አያስፈልግም፣ አሠሪውም ከሜሪላንድ የመጣ ነው ብሎ ሊመልሰው አይችልም። ይህ የሆነው ስለ ቀለብ የወጣው ሌላ ወጥ ሕግ በሁሉም ስቴቶች ስለጸና ነው። እንግዲህ አንድ ድርጅት ሰፒናሽን በሕግ መልሶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የደመወዝ ቆራጩን ትእዛዝ በሕግ ሊቀበል ነው። በሁለቱም ጊዜ ልክ ነው።

መንገደኛ 95 (ዐርብ ማታ)

እኔ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ነኝ። በጭነት መኪና ሥራ ላይ ያየሁትን አደጋ በተመለከተ ጆርጂያ ውስጥ ክስ ተነሥቶ፣ ሪችመንድ ቤቴ ድረስ ሁለት ወረቀት መጣብኝ። አንደኛው በፖስታ የመጣ ሲሆን በላዩ የጆርጂያ ካውንቲ ፍርድ ቤት ስም አለበት። ሁለተኛውን አንድ ሰው በር አንኳኩቶ በእጄ ሰጠኝ፤ የተጻፈበት የዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። እዚህ በተባለው መሠረት ሁለቱንም ቅርጫት ውስጥ ልጣላቸው?

አዛውንቱ ጠበቃ (ዐርብ ሌሊት)

ወንድሜ፣ ቅርጫቱን አስቀምጡት! ሁለቱ ወረቀቶች ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው የስቴት ፍርድ ቤት ስለሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል፤ በቨርጂኒያ ክለርክ በኩል ካልተወለደ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያስገድድ ጉልበት የለውም። እንደዚያም ሆኖ ዝም ከማለት፣ ለላከው ጠበቃ በአክብሮት ሁለት መስመር መጻፍ ይሻላል፤ የትራንስፖርት ድርጅቱ ለእህታችን እንደጻፈው ማለት ነው።

ሁለተኛው ግን የፌዴራል ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሰፒና ደግሞ በፌዴራሉ ደንብ ቁጥር 45 ይመራል። ደንቡ ከተሻሻለበት ከታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሰፒናው የሚወጣው ክሱ ካለበት ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ የትም ሊደርስ ይችላል። የሚገድበው ርቀት ነው፦ ተከራካሪ ያልሆነን ሰው በመሠረቱ ከሚኖርበት፣ ከሚሠራበት ወይም ዘወትር በአካል ከሚነግድበት ቦታ ከ100 ማይል በላይ ሄደህ መስክር ማለት አይቻልም። ወረቀቱ አትላንታ ናና የሚል ከሆነ የሚቃወሙበት ምክንያት አለዎት፤ ሪችመንድ ውስጥ ባለ ቢሮ ቅረብ የሚል ከሆነ ግን ይሄዳሉ። መቃወሚያውም የሚቀርበው ለሪችመንዱ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም በተለየ ምክንያት ወይም በእርስዎ ፈቃድ ጉዳዩን ወደ ጆርጂያው ሊመልሰው ይችላል። የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ጠበቃ ያማክሩ።

ዩአይዲዲኤ ራሱ የሚያገለግለው ለዲፖዚሽን፣ ለሰነድና ለጉብኝት ነው። በፍትሐ ብሔር ክስ አንድን የቨርጂኒያ ነዋሪ ጆርጂያ ስቴት ፍርድ ቤት መጥተህ በችሎት መስክር ብሎ ማስገደድ አይቻልም፤ ቃሉ እዚያው በሚኖርበት ይቀረጽና ጽሑፉ ወይም ቪዲዮው ለችሎት ይቀርባል። በወንጀል ግን ሌላ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ሌላ ወጥ ሕግ ስላለ፣ የወንጀል ዳኛ ምስክሩ አስፈላጊ መሆኑን በምስክር ወረቀት አረጋግጦ ወደ ምስክሩ ስቴት ዳኛ ይልካል፤ ምስክሩ ከተሰማ በኋላም የጉዞ አበል ተከፍሎት እንዲሄድ ሊታዘዝ ይችላል። ኒው ዮርክ ፍሎሪዳ ውስጥ የነበረን አንድ ምስክር በዚህ ሕግ ፈልጋ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1959 ሕጉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወስኗል።

የችሎት አስተርጓሚ (ቅዳሜ ጠዋት)

በዚህ ላይ ለሰፈራችን ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን የምንሠራው ዲሲ ስለሆነ፣ አሠሪያችን የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የሆነብን ጥቂቶች አይደለንም። ዲሲም ሕጉን ተቀብላለች ብላችሁ በዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኩል ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰፒና ብታደርሱ አይሠራም፤ የፌዴራል መንግሥት በስቴት ፍርድ ቤት ሰፒና አይገደድም። መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት በማመልከቻ መጠየቅ ነው ያለው። የልጅ ቀለብ ቆራጭ ትእዛዝን ግን የፌዴራል መንግሥትም በሕግ ይቀበላል።

የሲልቨሯ እናት (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

እንደምን ሰነበታችሁ? ተስፋ ሳትቆርጡ ስላስረዳችሁኝ የሆነውን ልንገራችሁ።

አድራሻውን ስፈልገው ፌርፋክስ ካውንቲ ሆነ፤ ፓራሊጋሏ ባትነግረኝ ኖሮ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሄጄ ነበር። ፌርፋክስ ፍርድ ቤት በደረስሁበት በመጀመሪያው ቀን ግን ወረቀቱ ተመለሰብኝ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። የቨርጂኒያውን ቅጽ ስሞላ፣ ካልቀረ ብዬ፣ ከደመወዝ መዝገቡ በተጨማሪ የመኪናውን የጉዞ መዝገብም ጠየቅሁበት። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ በእርሳሷ ጫፍ መስመር በመስመር አነበበቻቸው፤ ከዚያም የሜሪላንዱ ላይ የሌለ ነገር እዚህ መጨመር እንደማይቻል ነገረችኝ። ወይ የጉዞ መዝገቡን መተው፣ ወይ ሮክቪል ተመልሼ አዲስ ሰፒና ማውጣት ነበረብኝ። ሰዓቱ ስለማይበቃኝ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላ ቅጽ ሞላሁ፤ የጉዞ መዝገቡን ተውሁት። የተፈረመውን ይዤ ስወጣ ገና እኩለ ቀን አልሞላም ነበር።

ለልጆቼ አባትም ቅጂውን በፖስታ ላክሁለት፤ እሱም ይሰረዝልኝ ብሎ ለሮክቪሉ ዳኛ አመለከተ። ዳኛዋ የቨርጂኒያ ሰፒና እንዲሰረዝ የሚጠየቀው ቨርጂኒያ ነው ብለው መለሱት። ፌርፋክስ ሄዶ አላመለከተም።

ሸሪፉ ለድርጅቱ ባደረሰ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ፖስታው መጣ። ያቺው ሦስት መስመር የጻፈችልኝ ሴት መሆኗን ከፊርማዋ አወቅሁ። 34 ገጽ ነው። ከገጹ ሁሉ የማልረሳው አንድ ሳምንት አለ፤ 61 ሰዓት ይላል።

ፌርፋክስ ፓራሊጋል (በዚያው ቀን)

እልል! አሁን አንድ ነገር ፈትሺ፦ በ34ቱ ገጽ ላይ የመዝገብ ያዧ የማረጋገጫ ቃል አለ? መዝገቡ በመደበኛ ሥራ ሂደት የተያዘ ነው የሚል፣ በፊርማ የተደገፈ ወረቀት ማለቴ ነው። ያለዚያ ወረቀት፣ መዝገቡን የሚያስረዳ ሰው ከቨርጂኒያ ሮክቪል ድረስ መምጣት ይኖርበታል፤ ያን ደግሞ ማስገደድ እንደማትችዪ ከላይ ተነጋግረናል። ማረጋገጫው ካለ፣ ከችሎቱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመሽ ከነመዝገቡ ለሌላው ወገን ማሳወቅ አለብሽ።

የሲልቨሯ እናት (በማግሥቱ)

አልነበረም። ደወልሁላቸው፤ ሴትየዋ ራሷ አነሣች። የፍርድ ቤቱን ስም ገና ሳልጨርስ ያቺው የሜሪላንዷ እመቤት ነሽ አለችኝ፤ ማረጋገጫውንም ፈርማ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በኢሜይል ላከችልኝ፤ ዋናውን በፖስታ ትልካለች። ችሎቱ ሊደርስ 31 ቀን ቀርቶታል፤ ለሌላው ወገን የሚላከውን ነገ ጠዋት አስገባለሁ።